የፍሪጅ ማሽኑና የእማ ዘሃራ ቀያይ ዶሮዎች

ወልድያ፣ ጋሽ ይማም ሱቅ በገባሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ የተቃጠለ አሮጌ ፍሪጅ መፈታታት ነበር። ጋሽ ይማም ፍሪጅ ጠጋኝ ናቸው። የማይጠገነውን ሆዱን አራግፈው አምፖል፣ ማራገቢያና የሙቀት መቆጣጠሪያ ይገጥሙለትና የእንቁላል ማስፈልፈያ ያደርጉታል። ከአዲስ አበባ የመጣ የፕላስቲክ ማሽንም ይሸጡ ነበር። እንቁላሉን ራሱ ያገላብጣል፣ ቁጥር ያበራል፣ ሲግል ይጮኻል። ልቤን የሰረቀው እሱ ነበር።

እማ ዘሃራ የመጡት ከመርሳ ነው። ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ መንጋቸውን ፈጅቶ የቀሩላቸው አንድ አውራና ጥቂት ቀያይ እንስቶች ነበሩ፤ ከነሱም ያቀፈች የለችም።

«ከእናቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ዘር ነው። ሳይጠፋብኝ ርካሽ ማሽን ስጡኝ» አሉ።

ወዲያው ፕላስቲኩን ከፈትኩላቸው። ጋሽ ይማም ገላመጡኝ።

«እማ ዘሃራ፣ እናንተ ሰፈር መብራቱ እንዴት ነው?»

«ወላሂ፣ ሲለው ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል።»

«እንግዲያው ፍሪጁን ይውሰዱ። መብራት ቢሄድም ሙቀቱ ቶሎ አያመልጠውም። ማገላበጡ ግን በእጅ ነው።»

«እጅማ አለኝ!» ብለው ሳቁ።

እንቁላሎቹ ሁለተኛ ሳምንታቸውን ሲይዙ ማሽኑን ለማየት መርሳ ወረድኩ። የዚያኑ ዕለት መብራት ጠፋ። ጦርነቱ እየቀረበ ስለነበር ይመለሳል ያለ ሰው አልነበረም። ፍሪጁን በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። በማግስቱ አንድ እንቁላል አውጥቼ፣ ጋሽ ይማም እንዳስተማሩኝ የዓይኔ ቆብ ላይ አስጠጋሁት። ለብ ብሏል፣ ከዚያ አያልፍም። በስልኬ መብራት ሳየው ውስጡ ያለው ተንቀሳቀሰ። እንባዬ መጣ።

«ፍም በምድጃ አድርገን እናስገባለት?» አልኩ።

«ልታፍኛቸው ነው?» ብለው እማ ዘሃራ ተቆጡኝና ሻርፓቸውን ጠምጥመው ወጡ። «ያቀፈች ዶሮ ያላችሁ!» እያሉ የሰፈሩን በር አንኳኩ። ውሉ የቆየ የሀገሩ ውል ነው፤ ከሚፈለፈለው ግማሹ ለባለ እንቁላሉ፣ ግማሹ ለባለ ዶሮዋ። ሲመሻሽ እንቁላሎቹን በየቤቱ ዶሮዎች ሥር አስገባን። ማሽን ሸጬ የዶሮ ተላላኪ ሆንኩ ብዬ አጉረመረምኩ። እሳቸው በኔ ሳቁ።

ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ ሰው ተበተነ። እሳቸው ወደ ዘመዶቻቸው፣ እኔም ከቤተሰቤ ጋር ሸሸን።

ከወራት በኋላ መንገድ ሲከፈት ሄጄ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ገና መመለሳቸው ነበር። ፍሪጁ በሩ ተገንጥሎ ግቢው ውስጥ ተጥሏል። ቀያዮቹ የሉም። ከጎረቤቶቹም ብዙዎቹን ባዶ ቤት ነው የጠበቃቸው።

«ማሽኑስ ይቅር፤ ዘሩ ነው ያንገበገበኝ» ብለው አለቀሱ።

እንቁላሎቹን ከተቀበሉት ጎረቤቶች አንዷ አስካለ፣ አማቷ ታመው አልጋ ላይ ስለነበሩ አልሸሸችም ነበር። ድምፃችንን ሰምታ ቅርጫት ተሸክማ መጣች። ውስጡ ቀያይ ቄቦችና አንድ አውራ አሉ። ባዶ ጎተራዋ ውስጥ ደብቃ ነው ያሳደገቻቸው።

«የአንቱ ድርሻ ነው፣ እማ ዘሃራ» አለች። «የኔውን ሲርበን በላነው። የአንቱን ግን ምን ብዬ እነካለሁ?»

እማ ዘሃራ «አልሐምዱሊላህ» ብለው አስካለን አንገቷ ላይ ተጠመጠሙባት። እኔም ቅርጫቱን ይዤ አለቀስኩ።

ዛሬ የትኛውን ማሽን ልግዛ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። አቅማችሁ የፈቀደውን ግዙ። መጀመሪያ ግን ማሽኑ ሲቆም እንቁላላችሁን የሚቀበል ጎረቤት ይኑራችሁ።