የማክሰኞ ብረት

ባሌ ማስረሻ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ ስለ እሱ ደግ ነገር ከአፌ ስለማይወጣ ነው።

አዲስ አበባ እያለ ለአንድ የፋብሪካ ክለብ ይሮጥ ነበር። ዛሬ እዚህ ስዊድን፣ ዮርድብሩ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ይውላል፤ አካላ ሰፈር ያለው ቤታችን ሲገባ ግን አሁንም ሯጭ ነው። ብሔራዊ ቡድን ለምን እንዳልገባ ጠይቁት። አሰልጣኙ ብረት አስነስቶት፣ ሰውነቱ ከብዶት፣ ጉልበቱም ተጎድቶ ነው። ይህንኑ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሰማ ጆሮዬ ደነቆረ። «ብረት ሯጭ ይገድላል» ይላል። እሺ፣ ይግደል። ልጄ ግን ሯጭ አይደለችም።

ልጃችን ሊሊ የስኪ፣ ማለትም የበረዶ ላይ ሸርተቴ ሩጫ ተወዳዳሪ ናት፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሱንድቢበሪ ባለው ክለቧ ውስጥ ዳገት ላይ የሚደርስባት የለም፤ እግሩና ሳንባው የአባቷ ነው፣ አልክድም። ሜዳው ላይ ሲደረስ ግን እግር ብቻውን ምንም አይፈይድም። ሁለቱን ዱላ በረዶው ላይ ተክሎ በክንድ፣ በጀርባና በሆድ ጉልበት ራስን ወደፊት መግፋት ነው። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ከአልጋ እያነሳሁ ነው እንጀራዬን የምበላው፤ የክንድን ነገር ማንም አያስተምረኝም።

አሰልጣኟ ጉኒላ መስከረም ላይ ቁርጡን ነገረችን። ሊሊ ማክሰኞ ማክሰኞ ጂም ገብታ ክብደት ታንሳ፣ ብረት ላይ ተንጠልጥላ ራሷን ትሳብ። ያን ካደረገች ጥር ላይ በሚደረገው ማጣሪያ ከሚያልፉት አራት ልጆች አንዷ ሆና ስኪ የሚያሠለጥነው ጂምናሲዩም፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ትገባለች። ልጅቷ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሌላ ምኞት የላትም።

ሁለት ማክሰኞ ሄደች። በሦስተኛው ጉኒላ መጥራቷን ተወች። ሊሊ ብትጠይቃት «አንቺ ሩጫሽን ቀጥዪ» ብቻ አለቻት። ልጄ ከዚያ ወዲያ ስለ ጂም አላነሳችም፣ ራቷንም በወጉ አልበላ አለች። ማስረሻ ግን ጮቤ ረገጠ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገት ያስሮጣት ጀመር። እኔም «ዝም አይነቅዝም» ብዬ ዝም አልኩ። በዚህ ራሴን እረግማለሁ።

የማጣሪያው ቀን ሊሊ ዳገቱን አንደኛ ወጣች። ማስረሻ ክንዴን ጨብጦ «አላልኩሽም?» አለኝ። የቀረው ሁለት ኪሎ ሜትር ሜዳ ነበር። እዚያ አንዷ አለፈቻት። ሁለተኛዋ አለፈቻት። ሦስተኛዋም፣ አራተኛዋም አለፏት። ዱላውን ከበረዶው መንቀል እስኪያቅታት ክንዷ ዝሎ አምስተኛ ገባች።

ጉኒላ ወደ እኔ መጣች። «ሃይማኖታችሁን ስለማከብር ነው ያልተጫንኳችሁ፤ ግን በጣም አዝኛለሁ» አለችኝ።

«የቱን ሃይማኖት?»

«በሃይማኖታችን ሴት ልጅ ክብደት አታነሳም ብሎ ባለቤትሽ ነገረኝ። እንዳታፍር ለሊሊ አትንገሪያት ብሎም ለመነኝ።»

የስዊድን ሰው ሃይማኖት ሲባል እሳት እንደነካው ሁሉ እጁን ይሰበስባል፤ ማስረሻ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ለዓመት በዓል እንኳ ተለምኖ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው፣ ብረት ለማስቀረት ሲል የእግዜርን ስም ጠራ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር፤ የኔው ጭራሽ ጅቡን ጠርቶ አስገባው።

«ለሷ ብዬ ነው» አለ አጠገቤ የቆመው ማስረሻ፣ ጫማውን እያየ። «እንደኔ እንዳትሰበር።»

«ለራስህ ብለህ ነው» አልኩት። «እሷ ብረት አንስታ ካሸነፈች፣ አንተን የጣለህ ብረት እንዳልነበር ይታወቅብሃላ።»

ዘወር ስል ሊሊ ስኪዋን ይዛ ከኋላችን ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ሁልጊዜ በአማርኛ ስናናግራት በስዊድንኛ ነው የምትመልስልን። ያን ቀን ግን አባቷ አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ ተናገረች።

«አባ፣ እኔ ጉኒላ ተስፋ የቆረጠችብኝ መስሎኝ ነበር።»

ማስረሻ ስኪዋን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም፤ ከጉኒላ ጋር ወደ ክለቡ አውቶቡስ ሄደች።