የማቲ ሊናን የበረት በር

ገበሬው ማቲ ሊናን ለታማንዳኒ ነግሯት ነበር። እሱ መቼም ሳይናገር አያልፍም፤ በእኛ ሰፈር ላም ብታስል እንኳ ምክንያቱን የሚያውቀው እሱ ነው።

ታማንዳኒ ከማላዊ እስከ እኛዋ ከተማ ጎልዌይ ድረስ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የምታጠናው ስለ ውሃ ነው። በመስከረም፣ በማቲ ደረቅ መስክ መሃል ብረት ተክላ የውሃ መለኪያ ሳጥኗን ስታስር፣ ሰውዬው የድንጋይ አጥሩን ተደግፎ ያያታል።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ከተውሽው ዓሣ ነው የሚያነበው።»

«ካርታው ውሃው ከጉልበት አያልፍም ይላል፣ አባባ።»

«አባባ? ሚስት እንኳ ያላገባሁትን ሰውዬ! ማቲ በይኝ። ይልቅ አጥሩን እዪ፤ ጥቁሩ የድንጋይ ሽበት የት ድረስ ወጥቷል? ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የዚያ በየዓመቱ መጥቶ የሚሄደው ሐይቅ ነው።»

ሽበቱ ትከሻዋ ድረስ ይመጣል፤ ሳጥኑ የታሰረው በወገቧ ልክ ነው። ሳቀች። ሐይቅ ዳር ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ እሷ የምታውቀው ሐይቅ የትም አይሄድም፣ ከየትም አይመጣም።

በኅዳር ዘጠኝ ቀን ዘነበ። በአሥረኛው ጠዋት ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ መስኩ ስትዞር መስኩ ሐይቅ ሆኗል። ወንዝ የለ፣ ምንጭ የለ፤ ውሃው ከሣሩ ሥር፣ ከመሬቱ ቀዳዳ እየተንፎለፎለ ይወጣል። ላሞች የተኙበት ላይ ዝይ የሚያካክሉ ነጫጭ ወፎች ይንሳፈፋሉ። ሣሩ ውሃው ውስጥ እንደ ቆመ፣ አረንጓዴ እንደ ሆነ ይታያል። እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

«መጣ አይደል?» አለ ማቲ ከኋላዋ። ኮፍያውን አውልቋል። «ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሁንም በመጣ ቁጥር ያንቀጠቅጠኛል።»

ሳጥኑ ትዝ ያላት ያኔ ነው፤ ውሃው ውጦታል። ጥናቷ ሐይቁ ሲመጣ መለካት ነበር፤ ሐይቁ የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ የትምህርት ዕድሏም ለአንድ ዓመት ብቻ።

«አለቀልኝ። ባዶ እጄን ልገባ ነው።»

«አታልቅሺብኝ፤ ውሃው ይበቃናል። ነይ!»

በመስኩ ዳር ወዳለው በረት ወሰዳት። የእንጨቱ በር በሚስማር ተጭሮ ተጭሮ የቀረው ቦታ የለም፤ እያንዳንዱ መስመር ዓመት ተጽፎበታል።

«ሐይቁ በየዓመቱ አጥሩ ላይ የቆመበት ልክ ነው። አባቴ ጀመረው፣ እኔ ቀጠልኩ። ማንም ጠይቆን አያውቅም።»

ሰባ ስምንት ክረምት! የጥናት አማካሪዋ ያላቸው የስድስት ዓመት ልኬት ብቻ ነው። ጣቷን ከመስመር መስመር አሳለፈች። ዳር ላይ «ማቲ፣ ስድስት ዓመት»፣ «ማቲ፣ ሰባት» የሚሉ ሌሎች መስመሮች አየች።

«እነዚህስ?»

«የቤቱ ልጅ ቁመቱን የሚለካው እዚህ ነው። ከእኔ በኋላ የሚለካ አልተገኘም።»

ፎቶ ይበቃል ብትለው መች ሰምቶ! «ፎቶ ማን ያምናል? ራሱ ሄዶ ይታይላቸው እንጂ» ብሎ በሩን ነቀለና በትራክተር ጎትቶ ጎልዌይ አወረደው። ላሞቹ ሁለት ሳምንት ብርድ ላይ አደሩ። አማካሪዋ በሩ ፊት መነጽራቸውን አውልቀው መስመሮቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ የጥናቷ ርዕስ የዚያኑ ዕለት ወደ በሩ ልኬቶች ተቀየረ።

በተመረቀችበት ቀን ካባዋን እንደ ለበሰች መጣች። በሩ ቦታው ተመልሷል፣ ማቲ ሚስማር ይዟል።

«ተጠግተሽ ቁሚ። ተረከዝ ማንሳት የለም!»

«ሃያ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው፤ ከእንግዲህ የት አድጋለሁ?»

«ዝም በይና ቁሚ።»

በአናቷ ልክ መስመሩን ጫረ፤ ሥሩ ስሟን ጻፈ። ታማንዳኒ ዞራ አየችው፤ እንባዋ መጣ።

«አባባ» አለችው።

ማቲ ኮፍያውን አወለቀ፤ «ማቲ በይኝ» ማለቱን ግን ረሳው።