ዌስትላንድስ ላይ ከአንድ ትሪ የበላን ቀን

ስደተኛ ሁሉ ሲያወራ የወጣበትን ሌሊት ያስቀድማል። እኔ ግን ከአምቦ የወጣሁት ገና ሳይመሽ፣ ባጃጆች ተማሪ በሚያመላልሱበት ሰዓት ነው። ደብተር ይዤ ስለነበር የት ትሄዳለህ ያለኝ ሰው የለም። የዚያን ዕለት ጠዋት አጎቴ ከጎጆ ከተማ መጥቶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሽጉጥ አልጋዬ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። «የገዳዩ ታናሽ ወንድም ሁልጊዜ ጠዋት ጊንጪ አስፋልት ዳር ወተት ያስረክባል፤ አንተን አያውቅህም» አለኝና ሻዩን ጨርሶ ሄደ። ልጁን ብገድል ነፍሰ ገዳይ ነኝ፤ ባልገድል ዕድሜ ልኬን ፈሪው እባላለሁ። ሽጉጡን የድንች ጆንያ ውስጥ ቀብሬ ሞያሌ የሚል መኪና ፍለጋ ሄድኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜን ቶሎሳን የገደለው ብርሃኑ የሚባል የጊንጪ ድንች ነጋዴ ነው። ጎጆ ላይ አይሱዙ ሲጫን በሚዛን ተጣሉ። ብርሃኑ የክሪክ እጀታ አንስቶ ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ መታው። ቶሎሳ ሲጭነው የነበረው ድንች ላይ ወደቀና በዚያው ቀረ፤ ብርሃኑም በዚያው ጠፋ። እኔ አምቦ ትምህርት ላይ ስለነበርኩ የሰውዬውን መልክ አላውቅም።

እኛ ዘንድ ደም የተቃባ ሰው ጉማ ሳይወጣ፣ ማለትም ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጥፋቱ ታምኖ፣ ካሣ ተከፍሎ እርቅ ሳይወርድ፣ ከአንድ ገበታ አይቆርስም፤ ከአንድ ምንጭም አይጠጣም። አባቴ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የብርሃኑ ዘመዶች ከብት ነድተው ሽማግሌ ሲልኩ «ገዳዩ ራሱ ፊቴ ካልቆመ ጉማ የለም» ብሎ መለሳቸው። አዲስ አበባ ስንሄድ አውቶቡሱ ጊንጪ ሲቆም ከወንበራችን አያስነሳንም፤ ዳቦ የለ፣ ውሃ የለ፣ ሽንት እንኳ እስከ ሆለታ ይታሰራል። የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ስለ ይቅርታ ሲሰብክለት «ይቅር ብዬዋለሁ፤ አብሬው ግን አልበላም» ይለው ነበር።

ከሞያሌ ወዲያ የተሻገርነው በከብት መኪና፣ በሬዎች እግር ሥር ተኝተን ነው። አንዱ በሬ ጎኔን ረግጦ ሁለት አጥንት ሰበረኝ። ሳቃስት ደላላው በጅራፍ ፊቴን ገረፈኝና ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ፖሊስ እንዳይሰማህ ብዬ ነው» አለኝ። ጠባሳው አሁንም ጢሜን ስላጭ ይታየኛል።

ናይሮቢ ገብቼ ኢስሊ በሚባለው የሐበሻና የሶማሌ ሰፈር፣ ገለታ ከሚባል የጉደር ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተጋራሁ። ቀን ቀን ጎማ እጠግናለሁ። ጣራው ያፈሳል ብለን ለአከራያችን ብንነግራት «አገራችሁ ዝናብ ጠፍቷል ሲባል በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ ደስ ሊላችሁ ይገባል እኮ» አለችን። ጎጆን የማያውቅ ሰው! እኛ ጋ ሐምሌ ላይ በግ እንኳ በዝናብ ተማርሮ ከቤት አልወጣም ይላል። ብርዷ ናፈቀኝ ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ግን ናፈቀኝ።

በአራተኛው ዓመት ለገለታ የካናዳ ጥሪ መጣለት። የእኔ የስደተኛነት ቃለ መጠይቅ ደግሞ ማክሰኞ ነበር። ገለታ ደስታው ቢያሰክረው ሳሚ የሚባለውን አስተርጓሚውንና እኔን እሁድ ምሳ ዌስትላንድስ፣ ሀብታሞች የሚበሉበት አዲስ የህንድ ምግብ ቤት ጋበዘን። «ማክሰኞም የሚያስተረጉምልህ ሳሚ ነው፤ እየበላህ ታሪክህን ንገረው፣ እዚያ ስትደርስ አትደናበር» አለኝ። ሳሚ መነጽር ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «አካም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ?» ብሎ እንደ አገር ቤት ሰው፣ ወንድሜ እያለ ደህንነቴን ሲጠይቀኝ ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ።

ምግብ ቤቱማ ጉድ ነው። ሰሐኑ የሰፌድ ያህል፣ ምግቡ የጉርሻ ያህል። አንዱን በመስታወት ክዳን ከድነው አመጡና ሲከፍቱት ጭስ ቦለል አለ፤ ገለታ ተቃጠለ ብሎ ውሃ ሊደፋበት ምንም አልቀረው። ዳል የሚሉት ምስር ወጥ ነው፤ ቅቤ የበዛበት፣ በርበሬ የራቀው። በሥጋው ላይ የድንብላል አረፋ ኩፍ ብሏል። «አረፋ ልብላ ብዬ ነው ሱፍ የተዋስኩት?» አለ ገለታ። ደስ የሚለው፣ በመጨረሻ ሥጋ እንደ ሸክላ ጥብስ እየተንጨረጨረ በጋለ የብረት ሰሐን መጣ።

ከዚያ የኛ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠራን። አስተናጋጁ ለየብቻችን ሊያድለን ሲል ገለታ ተቆጣ፤ «እኛ እንዲህ ለየብቻ እንደ ሆስፒታል አንበላም» ብሎ ትልቅ ትሪ አስመጣና ሩዙንም፣ ምስሩንም፣ ሥጋውንም ገለበጠበት። ናን የተባለውን ቂጣ እየቆረስን በእጃችን ገባንበት። ሳሚ በቂጣው ሥጋ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎም ደገመኝ።

ታሪኬን ጀመርኩለት። ወንድሜ ስለ መገደሉ፣ ስለ አጎቴ ሽጉጥ። ሳሚ እየበላ «እሺ፣ ይኼን በደንብ አስረዳቸው» ይለኛል።

«የት ነው የተገደለው?» አለኝ።

«ጎጆ። ድንች ሲጫን።»

ማኘኩን አቆመ።

«ስሙ ማን ነበር?»

«ቶሎሳ።»

ሳሚ የያዘውን ቂጣ አስቀመጠ። እጁን ከትሪው አነሳ፤ ወንበሩንም ከገበታው አራቀ። አፉ ውስጥ የነበረውን በናፕኪን ተፍቶ «ከዚህ መብላት አልችልም» አለ በኦሮምኛ። ፊቱ አመድ መስሏል። ገለታ ቃሪያ የበዛበት መስሎት ውሃ አቀበለው። እኔ ግን ገባኝ። የሟች ስም ሲጠራ ከሟች ወንድም ገበታ እጁን የሚያነሳ ሰው አንድ ብቻ ነው።

«ብርሃኑ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ አልካደም።

የጋለውን የብረት ሰሐን እንዴት እንዳነሳሁት አላስታውስም፤ መዳፌ ተልጦ ያየሁት በኋላ ነው። አንዴ ግንባሩን፣ አንዴ መንጋጋውን፣ አንዴ ደግሞ መሬት ከወደቀ በኋላ ትከሻውን መታሁት። መነጽሩ ሩዙ ውስጥ ገባ። ጥርሱ ሲሰበር ሰምቼ ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይየኝ፣ ደስ አለኝ። አልተከላከለም። ዘበኞቹ በቆመጥ ወገቤን ደበደቡኝ፤ ያኔ በሬው የሰበረውን ጎኔን መርጠው ረገጡኝ። ገለታ «ካናዳዬን! ካናዳዬን!» እያለ ጠረጴዛ ሥር ያለቅሳል።

ፖሊስ መጥቶ በካቴና አሰረኝ። የስደተኛ ወረቀቴን አይቶ ለመዝገቡ አስተርጓሚ ፈለገ። በእኛ ቋንቋና በስዋሂሊ የሚናገር ሰው ከመሬት ደም እየተፋ ተነሳ፤ ሳሚ።

«ገዳይ ነው በለው! ወንድሜን ገድሏል በለው!» ብዬ ጮኽኩ።

ሳሚ ወደ ፖሊሱ ዞሮ «ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሰሐኑ ከእጁ አምልጦት ነው» አለ። ስዋሂሊ የማልሰማ መስሎታል።

«ሦስት ጊዜ አመለጠው?»

«ብረቱ ትኩስ ነው፣ አፈንዴ፣ ጌታዬ።»

«አንተ ክስ የለህም?»

«የለኝም። ወንድሜ ነው።»

ይኼን ሲል ዳግመኛ ልገድለው ተነሳሁ፤ ካቴናው ያዘኝ። ክስ ቢመሠርት ፋይሌ በዚያው ይቀደድ ነበር፤ ይኼን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ካቴናው ሲፈታልኝ ጠጋ ብሎ «ሁለት ጊዜ ነው የመታሁት። በየቀኑ ይሰማኛል። የት እንዳለሁ ለአባትህ ንገረው፤ አልሸሽም» አለኝ። ምራቄን ተፋሁበት። ማክሰኞ ለቃለ መጠይቁ ስገባ የተቀመጠው ሌላ አስተርጓሚ ነበር።

በማግስቱ ረቡዕ ለአባቴ ደወልኩ። ሞባይል ጎጆ ከገባ ገና ዓመቱ ነው፤ የጎረቤት ስልክ ተውሶ ዳገት ወጥቶ ነው የሚያናግረኝ።

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ምነው ድምፅህ?»

«አባ፣ ብርሃኑን አገኘሁት።»



«ገደልከው?»

«አልገደልኩትም። ደበደብኩት።»

«አብረህ በላህ?»

መዋሸት እችል ነበር። «በላሁ፣ አባ። ሳላውቅ። አጉርሶኝም ነበር።»

ሲያቃስት ሰማሁት። የቶሎሳ ሬሳ የመጣ ዕለት እንኳ እንዲህ አላቃሰተም።

«ከገበታው እጁን ቀድሞ ያነሳው ማን ነው?»

«እሱ ነው። ቶሎሳ ስል አነሳ።»

 የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ማለት ጀምሬ ነበር።

«እናቱ በጠና ታማለች አሉ» አለ። «ልጄ በስደት ሞቷል ብላ ድንኳን ጥላ ካለቀሰች ሦስት ዓመቷ ነው። ጊንጪ ወርጄ፣ ቤቷ ገብቼ፣ አለልሽ ልበላት ወይስ እንዲሁ ትሙት?»

«አባ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ከእጁ የጎረስከው አንተ ነህ። አንተ ንገረኝ።»

መስመሩ ደህና ነበር። የአባቴ ትንፋሽ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።