የአባባን ጥላ ልለካ ሀና ማርያም ድረስ

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ከብስራተ ገብርኤል ተነሣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ለአባባ የገዛሁት የእጅ ሰዓት አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ለጎረቤት የጾም መፍቻ ሰዓት የሚናገሩ ሰው «ሰዓት ግዢልኝ» ብለው ላኩብኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከሬዲዮ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይተው ኖሯል።

እስከ መካኒሳ በውይይት ታክሲ ሄድኩ፤ ሰባ አምስት ሳንቲም። ከዚያ ወዲያ በእግሬ ነው። ላፍቶን ሳልፍ አቧራው ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል። ስነሣ ከእግሬ ሥር የነበረው ጥላዬ በግራዬ እየረዘመ ይከተለኛል።

ሀና ማርያም፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል

አባባ ደጃፍ ላይ ከጎረቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ተቀምጠዋል።

«ጋሼ ተሰማን ሬዲዮ አሸነፋቸው» አሉኝ እትዬ አስካለ እየሳቁ።

አባባ አልሳቁም። «ዓይኔ ነው መሰለኝ፣ ልጄ። ሰዓቱን አምጪው።»

«መጀመሪያ ይለኩልኝ» አልኩ። እልህ ይዞኛል።

ለፀሐይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ብርሃን ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ የሰው አካል ይጋርደዋል፣ ያልደረሰበት መሬት ይጠቁራል፤ ፀሐይ ዝቅ ባለች ቁጥር ጥላው ይረዝማል። የጭንቅላታቸው ጥላ ያለቀበት ላይ ጠጠር አስቀመጥኩ። በዚህ ሰሞን ጥላቸው አምስት እግር ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተረከዝ ከጣት እያገጣጠሙ ቆጠሩ።

«አራት ተኩል አይሞላም። ገና ነው።»

ሰዓቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ ልክ ዘጠኝ። ያን ጊዜ እግራቸውን ልብ አልኩ። ባለፈው ሳምንት የላክሁላቸውን አዲስ ጫማ አድርገዋል። ለቀቅ ያለ ይመቻቸዋል ብዬ ሁለት ቁጥር አስበልጬ ነበር የገዛሁት፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቅጥቀውበታል።

«አባባ፣ እስቲ ጫማውን ያውልቁት።»

በባዶ እግራቸው ደግመው ቆጠሩ። አምስት።

«እንዲያ ነው እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለ። «ሳምንቱን ሙሉ በረሃብ የቀጣሽኝ አንቺ ነሻ!»

አፈርኩ፤ ኩራቴ ግን ከእፍረቴ በለጠ። አባባ ቀና ብለው የዘረጋሁላቸውን ሰዓት መለሱልኝ። «አንቺ እሰሪው። ጫማውን ለመንገድ አደርገዋለሁ።»

ቅዳሜ፣ ብስራተ ገብርኤል

ከቤቴ ግቢ ጫማዬን አውልቄ ጥላዬን ለካሁ። ከአባባ በአንድ ራስ ስለምረዝም ቁጥሩ ይበልጣል ብዬ ነበር። አምስት ሆነ፤ ለካ የረጅም ሰው እግሩም አብሮ ይረዝማል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ አከራዬ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል» አልኩ፣ የእጄን ሰዓት ሳላይ።

ገብተው ሬዲዮ ከፈቱና ተመለሱ። «ልክ ነሽ። ማን አስተማረሽ?»

«የሀና ማርያሙ ጋሼ ተሰማ» አልኳቸው፣ በባዶ እግሬ እንደቆምኩ። «አባቴ ናቸው።»