«ሞልቷል» ያልኳት ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፣ ለእህቴ አልነገርኩም፤ የንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ እሱን ዘልዬዋለሁ። እናንተ ስሜን አታውቁትም፤ ድፍረቱ የመጣልኝ ምናልባት ለዚሁ ይሆናል። ልጄን ዋሽቻታለሁ። በአንድ ቃል ነው የዋሸኋት። በዚያች ቃል የተነሳ እኩዮቿ ሲማሩ እሷ ቤት ቀረች፤ እኔ ደግሞ እሷ በመቅረቷ ተመሰገንኩ።

ልጄ ሰብለ ትባላለች። የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። እኔ ወላጆቼ በችግሩ ዘመን ከአርማጭሆ በጀርባቸው አዝለው በመተማ በኩል ያሻገሩኝ ነኝ። አማርኛ ማንበብና መጻፍ አባቴ አስተምሮኛል። ዐረብኛ ግን እንደ ማንም እናገራለሁ እንጂ ፊደሉን አልለይም። ባለቤቴ ስሙ ያለው ነው፤ ወደ ድንበሩ በሚወስደው በገላባት መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ወጥቶ ሲመለስ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይሆናል። እኔ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጥራለሁ። ከሰብለ በታች ናትናኤል አለ፤ ከእሱ በታች ሁለት ትንንሽ ሴቶች።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ከተማችን በተፈናቃይ ሞላች። ትምህርት ቤቶቹ ማደሪያ ሆኑ፤ የመማሪያ ክፍሎቹ መስኮት ላይ ልብስ ተሰጣ። ልጆች ሁሉ ቤት ዋሉ። ሰብለ ያኔ አንደኛ ደረጃን ጨርሳ ሁለተኛ ደረጃ፣ እዚህ ሳነዊያ የምንለውን፣ ልትገባ ስትል ነው በሩ የተዘጋባት። አላለቀሰችም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ካለው የሳር ዳስ፣ ከራኩባው ሥር፣ የተጣለ የቆርቆሮ በር አስደግፋ፣ በላዩ ላይ በከሰል ጽፋ፣ ታናናሾቿን ደርድራ አገኘኋት። ማን አዘዛት? ማንም። ዐረብኛውን በአንድ ወገን፣ ሀ ሁን በሌላ ወገን ጽፋዋለች።

እኔ ስለዚህች ልጅ ሳወራ ኩራቴን መደበቅ አልችልም፤ ይቅር በሉኝ። ሁለቱን ትንንሾች ገበያ ይዛቸው ትወጣና የሱቁን ሁሉ ታፔላ እያስነበበች ትመልሳቸዋለች። ማካፈልን በዳቦ አስተማረቻቸው፤ ተካፍለው ሲያበቁ ትርፉን ማን ይብላው በሚል ይጣላሉ፣ እሷም «እሱ ነው ቀሪ የሚባለው» ትላቸዋለች። የማትችለው ሲገጥማት አታስመስልም ነበር። «ይህን አላውቀውም፣ ጠይቄ እመጣለሁ» ትልና ካርቱም ያስተምር የነበረ፣ ተፈናቅሎ ጎረቤታችን ያረፈ ሽማግሌ ዘንድ ሄዳ ተምራ ትመለሳለች።

የናትናኤል ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል። ልጁ ይንተባተባል። ትምህርት ቤት እያለ መምህሩ አቁሞ ያስነብበው ነበር፤ ቃሉ አልወጣ ሲለው ክፍሉ በሙሉ እየተቀበለ ይንተባተብበታል። በኋላ ጭራሽ መናገር ተወ። ራስ በመነቅነቅ ብቻ ከእኛ ጋር ይግባባ ነበር። ሰብለ መጽሐፉን ሰጠችውና «ለፍየላችን አንብብላት፤ ፍየል አትስቅም» አለችው። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ልጁ ግን ፍየሏ ዘንድ ሄዶ ተቀመጠ። ከሳምንት በኋላ ለትንንሾቹ እህቶቹ፣ ከዚያ ለእሷ አነበበ። አባቱ ከገላባት በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ፊቱ ቆሞ አንድ ገጽ አነበበለት። እየተያዘ፣ እየቆመ፣ ግን እስከ መጨረሻው። ያለው ተነስቶ ወጣ፤ ስከተለው መኪናው ጥግ ቆሞ ዓይኑን በሽርጡ ይጠርጋል።

ኋላ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ ተባለ። እኔና ያለው ተቀመጥንና መከርን። ለእኛ ቤት የትኛው ይሻላል? ናትናኤልን እዚያ መልሰን ብንጥለው የተገኘው ምላሱ ይጠፋል። ትንንሾቹም ከክፍላቸው ቀድመዋል። «ሦስቱ ለጊዜው ቤት ይማሩ» አለ ያለው።

«ሰብለስ?» አልኩት።

«ሰብለማ ምን ጥያቄ አለው! ነገ ሄደሽ አስመዝግቢያት» አለኝ። በማግስቱ ጭነት ይዞ ወጣ።

ሄድኩ። መሄዱንስ ሄጃለሁ። ርእሰ መምህሯን፣ ሙዲራ የምንላቸውን፣ በር ላይ አገኘኋቸው። ሱዳናዊት ናቸው፤ ሰብለን ከትንሽነቷ ያውቋታል። ስሟን ስጠራላቸው ፊታቸው በራ። «ቦታ አለ፤ ነገ ይዘሻት ነይ። ተፈናቃዮቹ ገና ግማሹን ሕንፃ ስለያዙት የምናስተምረው ጠዋት ብቻ ነው፤ በቀትር ቤቷ ትመለሳለች» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

በሪክሻ ስመለስ ነው ያሰብኩት። ጠዋት እኔ መጋዘን ነኝ፣ ያለው መንገድ ላይ ነው፤ ልጆቹን ማን ያያል? ዐረብኛውን ማን ያስነብባቸዋል? ናትናኤልስ? ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ከዚህ በታች ሌላ ነገር ነበር፣ እሱን ልናገር። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ «ልጆቿን ቤት የምታስተምረዋ» ይሉኝ ጀምረው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሰሊጥ ያበጠርኩ ሴት፣ እኔ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሊያማክረኝ ይመጣ ነበር። ያንን ማጣት ፈራሁ። እናት ልጇን ለዚህ ትሸጣለች? እኔ ሸጥኩ።

ሰብለ ፀጉሯን ተሠርታ ራኩባው ሥር ትጠብቀኛለች።

«እሺ፣ ምን አሉ?»

«ሞልቷል አሉ።»

«እኔ ሄጄ ሙዲራዋን ላነጋግራቸው? ያውቁኛል እኮ።»

«አትልፊ። ለሐበሻ የተረፈ ቦታ የለም ብለዋል» አልኳት። እዩት እንግዲህ፣ ያች አንዷ ቃሌ አልበቃ ብላ የዚያችን ደግ ሴትዮ ስም ማጥፋት ጨመርኩባት። ሰብለ ራሷን ነቀነቀች፣ ገብታ እጇን ታጠበች፣ ወጥታ ቆርቆሮው ፊት ቆመች። «የት ላይ ነበርን?» አለቻቸው ልጆቹን።

ያለው ሲመለስ ለእሱም ያንኑ ነገርኩት። ተበሳጨ፣ ረገመ፣ አመነኝ። በዓመቱስ? በዓመቱ ጨርሶ አልጠየቅሁም። እሷም አልጠየቀችም፤ እናቷ ጠይቄያለሁ ስላለቻት በቃ፣ ጉዳዩ ያለቀ መስሏት። ጠዋት ጠዋት የሳነዊያ ልጃገረዶች ነጭ ሻሻቸውን ጣል አድርገው በደጃችን ያልፋሉ። በዚያ ሰዓት ሰብለ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታስተምራለች። ይህን አይ ነበር። እያየሁ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር።

የተገለጠው በገበያ ቀን ነው። ማሽላ ልንገዛ ከሰብለ ጋር ወጥተን ከሙዲራዋ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። መሸሻ አልነበረም። ልጄን ትከሻዋን ይዘው «ወይን ያ ቢት? የት ጠፋሽ አንቺ ልጅ? ለእናትሽ ቦታ አለ ብዬ ልኬልሽ፣ ወንበርሽን ይዤ ስጠብቅ ቀረሽ!» አሏት።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ሰብለ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ እኔ ዞር አለች። ከዚያ በጥሩ ዐረብኛዋ «አሞኝ ነበር፣ እትዬ። በዚያ ላይ ልጆቹን ትቼ መምጣት አልሆነልኝም» አለቻቸው። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። በሰው ፊት ገመናዬን ሸፈነችልኝ።

ማሽላውን ተሸክመን ቤት ገባን። አስቀምጣ ላቧን ጠረገችና «ለምን?» አለችኝ።

የናትናኤልን ነገር አነሳሁ፤ የሥራዬን ነገር አነሳሁ። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ትምህርቱ እስከ ስንት ሰዓት ነበር?»

«እስከ ቀትር» አልኳት። መዋሸት ከዚያ በኋላ አልቻልኩም።

«እንግዲያ ከቀትር በኋላ አስተምራቸው ነበር» አለች። «ብትጠይቂኝ ኖሮ እማዬ፣ ከትምህርቴ አልቀርም እልሽ ነበር። ናቲንም አልተወውም ነበር።»

ይኸው ነው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱን ልጅ ለማዳን አንዷን ሰዋሁ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬ፣ ለካ የሚሰዋ ሰው አልነበረም። አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ እሷን አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ራሷ ሄዳ ተመዘገበች። ለአባቷ «ቦታ ተገኘ» አለችው፤ ሁለተኛም ሸፈነችልኝ። አሁን ከእሷ ከሚያንሱ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ትቀመጣለች፤ በቁመቷ ምክንያት ከኋላ አድርገዋታል። ቀትር ላይ ትመጣና ምሳዋን በልታ ልጆቹን ታስተምራለች። ናትናኤል ያነባል። እኔ ያበላሸሁት እሱን አልነበረም፤ እሱን ያቀናችው እሷ ናት።

በቅርቡ ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ አንዲት የትግራይ ሴት አድራሻዬን ጠይቃ መጣች። በተሰባበረ አማርኛ «የካምፑ ትምህርት ቤት ሰው በዝቶበት ልጄ ከኋላ ቀረብኝ፤ እንዳንቺ ቤት ባስተምረው ይሆንልኛል?» አለችኝ። መከርኳት። ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ፍየሏ አወራሁላት። ትልቅ ሴት ልጅ እንዳላት ነገረችኝ፤ «እሷ ትረዳኛለች» አለች። እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። መርቃኝ ሄደች።

ዝም ያልኩበት ነው ይህን ያጻፈኝ። እህቴ ሆይ፣ ይህ ከደረሰሽ እወቂልኝ፦ ለቤተሰቤ ይስማማ ይሆን ብለሽ መጠየቅሽ መልካም ነው። ግን ቤተሰብ አንድ ሰው አይደለም። የእኔን ቤት ተስማማው፤ ሸክሙ የወደቀው ግን በአንዷ ትከሻ ላይ ነበር። ትልቋን ልጅሽን ጠይቂያት። ስትመልስልሽም ስሚያት።

ያለው ሰሞኑን ከገላባት ይመለሳል፤ እሱ ከሷ ሳይሆን ከእኔ አፍ ይሰማዋል። ድኻ ነበርኩ፣ ጦርነት ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ አልልም። ብዙ ድኻ እናት ልጇን አልዋሸችም።

ያች የቱነይድባ ሴት የሄደች ዕለት፣ ልጆቹ ተበትነው ሰብለ ቆርቆሮውን ስትወለውል፣ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። «ይቅር በይኝ» አልኳት። እስከዚያን ቀን ቃሉን አውጥቼው አላውቅም ነበር።

እጇን ሳታቆም «ገና ነው እማዬ» አለችኝ። «ሳነዊያን ልጨርስ፤ ያኔ እነግርሻለሁ።»

አላስቸኩላትም።