ሁለት ነጥብ ሁለቴ

ወንድሜን ተማሪዎቹ «ነጥብ» ይሉታል። ፊት ለፊት ቲቸር፣ ዞር ሲል ነጥብ። ስሙን ያወጡለት በሕይወቱ አንድም ነጥብ በነጻ ሰጥቶ ስለማያውቅ ነው። ተማሪ ቢያለቅስ፣ የተማሪ አባት ከነባርኔጣው መጥቶ ቢለማመጥ፣ «ይገባዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልተገባው አለቀ። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ አዝዬ ስላሳደግሁት ይህን ጠባዩን ከጥንት አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን ዳቦ ስንካፈል የእሱ ቁራሽ ከበለጠ ቆርሶ ይመልስልኝ ነበር። እናታችን «ይሄ ልጅ ሚዛን ውጦ ነው የተወለደው» ትል ነበር።

የሚያስተምረው ኮምፒውተርን ማዘዝ ነው፤ ፕሮግራሚንግ ይሉታል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ልብስ ስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብዬ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው ከወንድሜና ከሚስቱ ጋር ነበር። አሁን ከወንድሜ ጋር።

ሚስቱ ታይፒስት ነበረች። የእሱን ፈተና ሁሉ፣ ጥያቄውንም መልሱንም፣ የምትተይብለት እሷ ናት። የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው፤ እኔ ወዲህ ስሰፋ እሷ ወዲያ ስትተይብ እንሰማማለን። ዓረፍተ ነገር በጨረሰች ቁጥር ፈጠን አድርጋ ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ ጠቅ ጠቅ። መጀመሪያ የተማረችበት የጽሕፈት መኪና የአራት ነጥብ ቁልፍ አልነበረውም አሉ፤ ሁለት ነጥቡን ሁለቴ እየመታች ነው አራት የምታደርገው። ኮምፒውተር መጥቶ አራት ነጥብ የራሱን ቁልፍ ካገኘ በኋላም ጣቷ ልማዱን አልተወም። እኔም ያቺን ጠቅ ጠቅ ስሰማ ክሬን እበጥስ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እሷ ዓረፍተ ነገሯን ስትጨርስ እኔም ስፌቴን የጨረስኩ ይመስለኛል።

አምና በዝናቡ ወራት ታመመች፤ ብዙም ሳትሰነብት ሞተች።

ወንድሜ አላለቀሰም። ጎረቤቱ «አይ ጥንካሬ!» አለ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ዕድሜ ነውና ጨው እረሳለሁ። አንድ ቀን ጨው የሌለው ሾርባ አቀረብኩለት፤ ሳህኑን ጠርጎ በላው። ራሴው ቀምሼ «አንተ፣ ጨው እኮ የለውም!» አልኩት። «ነው እንዴ?» አለና ሳህኑን ወደ ማጠቢያው ወሰደ። በፊት እኮ ለአንዲት ቁንጥጫ ጨው ከሚስቱ ጋር የሚከራከር ሰው ነበር።

ከዚያ የፈተና ወረቀቱ መከመር ጀመረ። በፊት በፈተነ ሳምንት አርሞ ይመልስ የነበረ ሰው፣ ወረቀቱን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ቀዩን እስክሪብቶ ይዞ ፈዞ ይቀመጣል። አንዱን ወረቀት ያነሳል፣ ያያል፣ ያስቀምጣል። እኔ ክምሩን ገፋ አድርጌ ምግብ አቀርባለሁ፤ ስንበላ እንደ ሦስተኛ ሰው ከመካከላችን ይቀመጣል። ተማሪ ጮኸ፣ ወላጅ ጮኸ፣ በመጨረሻ የኮሌጁ ዲን አስጠሩት። ይህን ያህል ማረም ከከበደው፣ ፈተናውን በራሱ የሚያርም ፕሮግራም እንዲተክልና የሚቀጥለውን ፈተና በእሱ እንዲሰጥ ነገሩት።

ከኮሌጁ ዕቃ ክፍል አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣና እዚያው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ጎለተው። «ሰርቨር ነው፤ የልጆቹን ኮምፒውተር ሁሉ የሚያገለግል» አለኝ። ሲነሳ እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል።

«ማሽን እንዴት አድርጎ ነው የሚያርመው? ማንበብ ይችላል እንዴ?» አልኩት።

«አያነብም እትዬ። ያስተያያል። አንቺ ሸሚዝ ስትሰፊ ቁልፉ በቀዳዳው ካለፈ አለፈ፣ ካላለፈ አላለፈም አይደል? ቁልፉ ያምራል ወይ ብለሽ አትጠይቂም።»

«እኔማ እጠይቃለሁ።»

«ማሽኑ አይጠይቅም።»

ፕሮግራሙን ሌሎች ሰዎች ሠርተው ለሁሉ በነጻ የለቀቁት ነው አለኝ። ከሥራ መልስ ይጭነዋል፣ እምቢ ይለዋል፣ ያጠፋዋል፣ እንደገና ይጭነዋል። ሲናደድ አላየሁትም። ሲሳካለትም ደስ ሲለው አላየሁትም። በስተመጨረሻ አሳየኝ። ተማሪው እንደማንኛውም ድረ ገጽ ከፍቶ በስሙና በይለፍ ቃሉ ይገባል፤ ጥያቄውን አንብቦ ፕሮግራሙን እዚያው ይጽፍና «ላክ» የሚለውን ይጫናል። ማሽኑ የተላከለትን ለብቻው ዘግቶ ያስሮጠዋል፤ ቢያብድም ሌላውን እንዳይነካ ነው። ያወጣውን መልስ አስቀድሞ ከተቀመጠው መልስ ጋር አስተያይቶ ነጥብ ይሰጣል። የተማሪው ፕሮግራም ማብቂያ አጥቶ አንድ ቦታ ከዞረ ደግሞ ጥቂት ጠብቆ ያቆመዋል።

«ለምንድን ነው የሚዞረው?»

«መውጫ ሳይሰጡት ሲቀሩ ነዋ» አለኝ። አየት አደረግኩት። እሱ ስክሪኑን ያያል።

ጥያቄና መልሱን እንደ አዲስ አልጻፈም። የእሷን የድሮ ፋይሎች እየከፈተ ወደ ማሽኑ ገለበጣቸው። ወንድሜ ተማሪዎቹ የሚጽፉት ፕሮግራም ለሰው በአማርኛ እንዲመልስ ያስገድዳል፤ «ነገ የሚገለገልበት እንደ እትዬ ያለ ሰው ነው» ይላል። ስለዚህ መልሶቹ ሁሉ «ትእዛዝዎ ደርሷል»፣ «ያስገቡት ቁጥር ትክክል አይደለም» የሚሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። እሷ የጻፈቻቸውን አንድ ባንድ አለፋቸው። ያነበባቸው አይመስለኝም።

ዓርብ ጠዋት ሰርቨሩን ተሸክሞ ኮሌጅ ሄደ፤ ፈተናው ተሰጠ። ዲኑም በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። ወንድሜ ያለወትሮው ምሳ ሳይደርስ ማሽኑን መልሶ ተሸክሞ ቤት ገባ።

«ምነው በደህና?»

«ዜሮ አገኙ።»

«ማን?»

«ሁሉም። እንቅልፌ ሲቀር።»

እንቅልፌ የሚሉት ከኋላ ወንበር እየተኛ የሚማር ልጅ ነው። የወንድሜ ሚስት በሕይወት ሳለች በእሱ ወሬ በየራቱ እንስቅ ነበር።

«እንቅልፌ አልፎ ሌላው ወደቀ? ዲኑስ ምን አሉ?»

«እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ክፍሉን ለሌላ መምህር እንሰጠዋለን፤ እርስዎም ትንሽ ይረፉ አሉኝ።»

«ይረፉ» የምትለዋን ቃል አልወደድኳትም። አረፉ የሚባለው ለማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ወንድሜን ጠዋት ጠዋት ጫማውን የምታሳስረው ያቺ ክፍል ብቻ ናት። ክፍሏን ከወሰዱበት ከአልጋው የሚያስነሳው ምን አለ? እኔ ነኝ? እኔማ እንኳን ሰው ላነሳ፣ ራሴም ግድግዳ ይዤ ነው የምነሳው።

«ታዲያ አስተካክለዋ!» አልኩት።

«ምኑን? መልሱን አየሁት፣ ልክ ነው። ማሽኑም ልክ ነው። የልጆቹንም አየሁት፣ ልክ ነው።»

«ሁሉም ልክ ከሆነ ዜሮው ከየት መጣ?»

«እንጃ» አለና ከነጫማው አልጋው ላይ ጋደም አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ረጅም ልጅ ላፕቶፕ በደረቷ ታቅፋ፣ በሌላ እጇ አንድ ጎረምሳ በእጅጌው ጎትታ ቆማለች። ሳትናገር አወቅኳት፤ ወንድሜ የሚያወራላት፣ ጠበቃ የሚሏት ናት፤ በነጥብ ስትከራከር ብትውል የማይደክማት።

«እማማ፣ ቲቸር አሉ?»

«አለ፤ ተኝቷል።»

«ይቀስቅሱልን! እኔ እንቅልፍ አጥቼ እሳቸው ይተኛሉ?»

ጎረምሳው እጅጌውን እያስለቀቀ «እማማ፣ እኔ አልሰረቅኩም» አለኝ። «ከማን እሰርቃለሁ? ሁሉም ዜሮ ነው ያለው!»

እንቅልፌ መሆኑ ነው። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ቤታችን ውስጥ ሳቅ እንግዳ ሆኖ ነበርና ወንድሜ ሰምቶ ብቅ አለ፤ ፀጉሩ እንደተንጨበረረ።

ጠበቃ ላፕቶፑን ከሰርቨሩ አጠገብ ዘረጋችው። የእሷና የእንቅልፌ ፕሮግራሞች ያወጡትን መልስ ከላይና ከታች አደረገች። «ይኸው ቲቸር። ትእዛዝዎ ደርሷል፣ ትእዛዝዎ ደርሷል። ፊደል በፊደል አንድ ነው። እሱ መቶ፣ እኔ ዜሮ። ይሄ ፍርድ ነው?»

መነጽሬን አድርጌ እኔም አየሁት። መንታ ናቸው።

ወንድሜ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በእሷ መስመር ላይ ብልጭ ድርግም የምትለዋን ቀጭን ዘንግ ወደ መጨረሻው ፊደል ወሰዳትና የቀስቱን ቁልፍ ነካ አደረገ። ዘንጓ አራት ነጥቡን በአንድ ጊዜ ተሻገረች። በእንቅልፌም መስመር ላይ እንዲሁ አደረገ። ዘንጓ አራት ነጥቡ መሐል ላይ ቆመች። እንደገና ሲነካ ነው የተሻገረችው።

ወደ እንቅልፌ ዞረ።

«አንተ፣ አራት ነጥብ እንዴት ነው የምትጽፈው?»

«እኔ?» አለ እንቅልፌ። «ሁለት ነጥብን ሁለቴ ነዋ ቲቸር። የአራት ነጥቡ ቁልፍ የት እንዳለ አላውቀውም።»

«ሰነፍ!» አለች ጠበቃ።

«ሰነፍ መቶ አገኘ።»

እኔ ግራ ገባኝ። «ሁለትና ሁለት አራት አይደለም እንዴ?»

«ለዓይን ነው እትዬ» አለ ወንድሜ። «ለማሽኑ የእሷ አንድ ምልክት ነው፤ የእሱ ሁለት ምልክት። የተቀመጠው መልስ በሁለት ከተጻፈ በአንድ የጻፈ ሁሉ ይወድቃል።»

«ኧረ ወዲያ! ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን ያላወቀ ነው የሰው ልጅ የሚጥለው?»

ልጆቹ ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም። የመልሶቹን ፋይል ከፈተ። በየመስመሩ ጫፍ ላይ ሁለት ነጥብ ሁለቴ፣ ሁለት ነጥብ ሁለቴ፣ እስከ ታች። ያን ጊዜ ነው ለእኔም የተገለጠልኝ። ሰርቨሩ እያቃሰተ፣ ልጆቹ እያወሩ፣ እኔ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነበር የምሰማው። ወንድሜ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መስመሮቹን ያያል።

ልጆቹ ምን ያውቃሉ። ጠበቃ በትከሻው ላይ ተንጠራርታ «በጣም ቀላል ነው ቲቸር!» አለች። «ሁሉንም በአንዴ መተካት ነው። ፈልግ፣ ተካ፣ ጨረስን!»

ወንድሜ የመተኪያውን ሣጥን ከፈተ። በአንደኛው ቦታ ሁለት ነጥብ ሁለቴ፣ በሌላኛው አራት ነጥብ ጻፈ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ደረሰና ቆመ። ከዚያ የጻፈውን አጠፋና ፋይሉን እንዳለ ዘጋው። ማሽኑ መልስ የሚያስተያይበትን ሌላ ፋይል ከፍቶ አንድ አጭር መስመር ጨመረበት። ከማስተያየትህ በፊት ሁለት ነጥብ ተከታትሎ ባየህበት ቦታ ሁሉ፣ ከተማሪም ይሁን ከመልሱ፣ እንደ አንድ አራት ነጥብ ቁጠረው የሚል ነው አለኝ።

«ለምን ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ ቲቸር?» አለች ጠበቃ።

«ነገም በሁለት ነጥብ የሚጽፍ ይመጣል።»

«እንደ እኔ ያለ» አለ እንቅልፌ።

«እንደ አንተ ያለ» አለ ወንድሜ። ወደ እኔ አልዞረም።

ከዚያ «እንደገና አርም» የሚለውን ተጫነ። ዜሮዎቹ አንድ በአንድ ቁጥር ሆኑ። የወደቀም አለ፣ ያለፈም አለ፤ እንደ ድሮው። ጠበቃ የራሷን ስታይ ዘለለችና ወዲያው ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄ አንዱ ጥያቄ ገና ዜሮ ነው። ይሄም በነጥቡ ነው አይደል?»

«ይሄ በራስሽ ነው። ተጠቃሚው ምንም ሳይጽፍ ቢልክ ምን እንደሚሆን አላሰብሽም።»

«ትንሽ እንኳን ቢሰጡኝ…»

«ይገባሻል ወይ?»

«አይ ነጥብ!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። እንቅልፌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ እንዳልሰማ ሆነ።

ሰኞ ሰርቨሩን ተሸክሞ ሄደ። ከሰዓት ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ምን አሉህ?»

«ቀጥል አሉኝ።»

«እሰይ! እልል በይ አትለኝም? ደስ አለህ?»

«እንጃ እትዬ።» ጫማውን ፈትቶ አልጋው ሥር አደረገው። ነገም የሚያስረው ነውና እኔ ያንን አየሁ።

ጠረጴዛው ባዶ ነበር። የሚያቃስተውም ሄዷል፣ የሚታረም ወረቀትም ከእንግዲህ አይመጣም። ምግብ ባቀረብኩ ቁጥር ክምሩን ስገፋ የኖርኩት ሴትዮ፣ ሳህኑን የት እንደማስቀምጥ ግራ ገባኝ። ወንድሜ እጆቹን ባዶው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ሾርባውን አቀረብኩለት። አንድ ማንኪያ ቀመሰና ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ጨው» አለ።

«ረሳሁ እንዴ?»

«ረስተሻል።»

አቀበልኩት። ነሰነሰ፣ ቀመሰ፣ ደግሞ ነሰነሰ። ከዚያ ሾርባውን በላ።