ከልቡ የሚነፋው ሰውዬ

ዘርአጽዮን ወሎ ሰፈር ባለው የመለዋወጫ ሱቁ ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው፤ ያለ ቁጥር ኩሽኔታ አይሸጥም። ደንበኛ መጥቶ «ይህችን የምታህል» ብሎ በጣቶቹ ክብ ቢሠራለት፣ «ወንድሜ፣ ቁጥሩን ይዘህ ና፤ በግምት የተገጠመ በግምት ነው የሚወልቀው» ብሎ ይሸኘዋል። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሕግ ነግዶ ገርጂ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርቷል፣ ልጆች አስተምሯል፣ የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ የሚፈራው ሰው ሆኗል። ይኸው ሰው ታዲያ አመሻሽ ላይ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ትራምፔቱን ሲያነሳ ሕግ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ትራምፔቱ የመጣው የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ከዱባይ ባስጫነው ኮንቴይነር ውስጥ፣ ከአሮጌ ሞተሮች መሃል በፎጣ ተጠቅልሎ ነው። ማን እንደከተተው አልታወቀም። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ይሸጠው ነበር፤ ዘርአጽዮን ግን «ፈልጎኝ ነው የመጣው» አለ። በሁለተኛው ሳምንት ድምፅ አወጣ። በስድስተኛው ወር የሰርግ ዜማ የሚመስል ነገር አወጣና እዚያው ላይ ቆመ። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ እንዲሉ፣ ልደት ላይ እሷን፣ ምርቃት ላይ እሷን፣ ክርስትና ላይም እሷኑ ሲነፋ ኖረ። ሰውም አጨበጨበለት። ለምን አያጨበጭብ? ግማሹ ዘመድ ነው፣ ግማሹ ደንበኛ ነው፣ የቀረው ደግሞ ገና ምሳ አልበላም።

«ስኬል ለምን አትማርም? ኖታ ለምን አታነብም?» የሚለው ሲመጣ መልሱ ዝግጁ ነበር። «ወፍ ስኬል ተምራ ነው የምትዘምረው? እኔ የምነፋው ከልቤ ነው» ይላል፣ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ። ወፏ በስምንት ዓመት ውስጥ ከአንድ ዜማ በላይ መልመዷን ያነሳበት ደፋር ግን አልተገኘም።

በጥቅምት ወር የመጀመሪያ ልጁ ፊዮሪ ከእጮኛዋ ከያፌት ጋር የሰርጋቸውን ቀን ለዳግማይ ትንሣኤ መቁረጣቸውን ነገረችው። ዘርአጽዮን ስለ ሙሽራው ሥራ አልጠየቀ፣ ስለ ቤተሰቡ አልጠየቀ። «አዳራሽ ስትገቢ የምነፋልሽ እኔ ነኝ» አላት። በእሱ አቆጣጠር ስምንቱም ዓመት ለዚያች ለአምስት ደቂቃ የተደረገ ዝግጅት ነበር።

ፊዮሪ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «አባዬ፣ እንዳትቀየመኝ። ሰርጌ ላይ እንዳትነፋ።»

«ምን አልሽ?»

«አምና የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ኪቦርዲስቱ ‹ከየት ነው የሚነሱት?› ሲልህ ምን አልከው?»

«ምን አልኩት?»

«‹ከገርጂ› አልከው፤ እሱ የጠየቀህ መነሻ ድምፁን ነበር። ከዚያ እሱ በአንድ በኩል ሄደ፣ አንተ በሌላ በኩል ሄድክ፣ ሙሽራዋ መሃል ላይ በየትኛው እንደምትራመድ ጠፍቷት ቆማ ቀረች።»

«እኔ ከልቤ ነው የነፋሁት።»

«ልብህን አውቀዋለሁ። አንተ ግን ያለ ቁጥር ኩሽኔታ ትሸጣለህ?»

ሌላ ክርክር ቢሆን ዘርአጽዮን ያሸንፋት ነበር፣ በሱቁ ሲመጡበት ግን አቅም አልነበረውም። በመጨረሻ ተስማሙ፤ እስከ ሰርጉ ድረስ ቦሌ ሆቴሎች ውስጥ ትራምፔት ከሚጫወተው ከይትባረክ ዘንድ ሊማር፣ ይትባረክ «ደርሰዋል» ካለ ሊነፋ፣ «አልደረሱም» ካለ እንደማንኛውም የሙሽራ አባት ከረቫቱን አስሮ ሊቀመጥ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ከረቫት አስሮ መቀመጥ ለእሱ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ይትባረክ ትሑት ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን ዜማዋን እስከ መጨረሻዋ አዳመጣትና «ጋሼ፣ ይህችን ማን አስተማረዎት?» አለ።

«ማንም።»

«እንደዚያ ነው የመሰለኝ።» ትንሽ አሰበ። «አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት አምስት ድምፅ ነው ያለው። እርስዎ ከነፉት ሁለቱ የአንቺ ሆዬ ናቸው፣ አንዱ የአምባሰል ነው፣ የቀሩትን እኔም ገና አላወቅኋቸውም።»

የቤት ሥራ ሰጠው። በየማለዳው መጀመሪያ አንድ ድምፅ ትንፋሽ እስኪያልቅ ድረስ ሳያወዛውዙ መንፋት፣ ከዚያ ስኬል የሚባለውን፣ አምስቱን የቅኝቱን ድምፆች፣ ወደ ላይ መውጣት፣ ወደ ታች መውረድ። ዘፈን የሚባል ነገር ለሦስት ወር በፍጹም አይነካም። ዘርአጽዮን ይህን ሲሰማ ወኅኒ የወረደ ያህል ተሰማው፣ ግን እሺ አለ።

በማግስቱ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የፎቁን መስኮት ከፍቶ አንዲቱን ድምፅ ረዘም አድርጎ ለቀቃት። በዚያ ሰፈር በማለዳ አንድ ወጥ ጥሩምባ ከተሰማ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሞቷል፣ የእድሩ ለፋፊ ወጥቷል። ዘርአጽዮን ስምንት ዓመት ሙሉ ዘፈኑን ሲያበላሽ ማንም ያልደነገጠው፣ ማንም ከመርዶ ጥሩምባ ጋር ሊያምታታው ስለማይችል ነበር።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጎረቤቱ ወይዘሮ ለተብርሃን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ አስፋው እሳቸው ሳያውቁ ማን እንደሞተ ሊያጣሩ በቁጣ መጡ። ስድስት ሰባት ሰው ደጁ ላይ ቆመ። የዘርአጽዮን ሚስት ዘውዲ በጥርስ ሕመም ስትሰቃይ አድራ ዓይኗ አብጦ በሩን ስትከፍት ነገሩ ተረጋገጠ። ወይዘሮ ለተብርሃን ደረታቸውን ይዘው ጀመሩ። ሰው ካልሞተ አይመሰገን፣ የዘርአጽዮን ደግነት አንድ በአንድ ተዘረዘረ። «አጥርህን ስትሠራ አንድ ክንድ ብትገፋብኝም፣ ዘርአይ ወንድሜ፣ ክፉ ሰው አልነበርክም» አሉ።

«ግማሽ ክንድ ነው» የሚል ድምፅ ከፎቁ መስኮት መጣ።

ለቅሶው ቆመ። ወይዘሮ ለተብርሃን ወደ ላይ ያዩት አስተያየት፣ በሕይወት መገኘቱን እንደ ሌላ የአጥር ጉዳይ የቆጠሩት ያስመስል ነበር።

በእሑዱ የእድር ስብሰባ ጉዳዩ ቀረበ። አቶ አስፋው መነጽራቸውን አድርገው ውሳኔውን አነበቡ፤ በሰፈሩ ውስጥ ወጥ የጥሩምባ ድምፅ የሚፈቀደው ለሞት ብቻ ነው፣ ዘፈን ከሆነ ግን ይንፋ። እንግዲህ የገርጂ እድር፣ ሌላው ማኅበር ያልደፈረውን ደፍሮ፣ ስኬልን በሕግ አገደ። ዘርአጽዮን ተነሥቶ «ያለ ስኬል እኮ ዘፈን የለም» ሲል የገዛ ጆሮውን አላመነም። አቶ አስፋው መነጽራቸውን አውልቀው «ወፍ ስኬል ተምራ ነው እንዴ የምትዘምረው?» አሉት። ቤቱ ሳቀ። ያቺን ወፍ ወደ ሰፈሩ ያመጣት እሱ ራሱ ስለነበር ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ልምምዱን ይዞ ወደ መኪናው ተሰደደ። በየጠዋቱ መኪና በሚጨናነቅበት ኢምፔሪያል ጋ ዳር ይዞ ያቆማል፣ መስኮቶቹን ይዘጋል፣ ይነፋል። አንድ ተጨማሪ ጥሩምባ ማንንም የማይረብሽበት ቦታ ቢኖር እዚያ ነው። አንድ የታክሲ ረዳት ብቻ አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ጥሩምባህ አሪፍ ናት፣ ግን መንገዱ ዝግ ነው» አለው። ዘርአጽዮን ይህን ከይትባረክ ካገኘው ምስጋና ሁሉ አስበልጦ ያዘው፤ ይትባረክ ያን ጊዜ ገና አላመሰገነውም ነበርና።

መጋቢት ላይ ግን አንድ ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ዘውዲ ስልኳ ላይ የድሮ ቪዲዮ እያየች ሳለ ከሳሎን ጥግ ሆኖ ሰማና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ማነው?»

«አንተ ነሃ፣ የፊዮሪ ምርቃት ላይ።»

ቀርቦ እስከ መጨረሻው ሰማው። አንዲት ድምፅ ልክ አልነበረችም፣ ቀጣይዋም አልነበረችም። በእነዚያ በሚያጨበጭቡት ሰዎች መሃል ይትባረክን የሚያህል ጆሮ ያለው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ብሎ ይሆን ወደ ቤቱ የሄደው ብሎ አሰበ። አፈረ፤ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ላብ እስኪያጠምቀው አፈረ።

«ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ እንዴት አትነግሪኝም?»

«ስትነፋ ቢያንስ የት እንዳለህ አውቃለሁ» አለች ዘውዲ። ቪዲዮውን ዘጋችው።

ሰውዬው ከዚያ ወዲያ ለልምምድ የሚለምነው አልፈለገም። ለሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ይትባረክ በፊዮሪ ፊት አስነፋው። «ደርሰዋል» አለ፤ ቀጥሎ ታማኝ ስለሆነ «ለአንድ ዘፈን» ብሎ ጨመረ። ፊዮሪ አባቷን አቀፈችው። ዘርአጽዮን ከይትባረክ ወረቀት አጽፎ መውሰድ ሁሉ አምሮት ነበር።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ዘርአጽዮን ከባንዱ ጎን በሱፉ ቆሟል። ኪቦርዲስቱ ጠጋ ብሎ ከየት እንደሚነሳ ሲጠይቀው፣ ምግብ የሚደረድሩት አስተናጋጆች ሳይቀሩ እንዲሰሙ አድርጎ «ከሬ ድምፅ። የእኔ ሬ የእናንተ ዶ ነው» አለ። ኪቦርዲስቱ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ዘርአጽዮን ለስድስት ወር የለፋው ለዚህች ለአንዷ የራስ ንቅነቃ ቢሆን እንኳ አይከፋውም ነበር።

ከዚያ በሩ ተከፈተና ፊዮሪ ታየች።

ትራምፔቱን ወደ አፉ አስጠጋ። ሲነፋ አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ነፋ፣ እንደገና አየር። ትራምፔት በከንፈር ነው የሚነፋው፣ የሚያለቅስ ሰው ከንፈር ደግሞ አይታዘዝም። ዜማዋ ከጭንቅላቱ ጠፋች፤ እንዴት እንደምትጀምር እንኳ ጠፋው። ስምንት ዓመት ሙሉ «አስተማሪዬ» ሲለው የኖረው ልቡ፣ በሚፈለግበት ሰዓት ለራሱ ጉዳይ ሄዶ ነበር። ስድስት ወር የተማረው ሁሉ በአራት መቶ ሰው ፊት ፉሽ ሆነ።

ይትባረክ ከባንዱ መሃል ቀስ ብሎ የራሱን ትራምፔት አነሳ። ፊዮሪ ከበሩ ሆና አየችውና ራሷን ነቅንቃ ከለከለችው።

ከዚያ ቆመች። ያፌት አንድ እርምጃ ቀድሟት ነበር፣ ተመለሰ። ቪዲዮ ቀራጩ በእጁ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል። ሚዜዎቹ ይንሾካሾካሉ። ኋላ የቀሩት እንግዶች ደረጃው ላይ ተደርድረው ምን እንደሆነ ይጠያየቃሉ። እሷ ወደ አባቷ እያየች አልራመድ አለች።

ዘርአጽዮን በእጁ ጀርባ ከንፈሩን ጠረገ። ዘፈኑን ማሰብ ተወው። ጣቶቹ በየማለዳው መኪናው ውስጥ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ የመጀመሪያዋ ድምፅ እየተንቀጠቀጠች ወጣች፣ ሁለተኛዋ ተከተለች፣ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ፣ አምስተኛዋ። ወረደ። እንደገና ወጣ። ባዶ ስኬል፣ ከላዩ አንዳች የዜማ ጌጥ የሌለው። ኪቦርዲስቱ ከየት እንደተነሳ ያውቅ ነበርና ከሥሩ ገባለት፣ ከበሮውም ተከተለ።

ፊዮሪ በዚያ ስኬል ተራመደች። እልልታው ቀለጠ፣ ወይዘሮ ለተብርሃን ከሁሉም አስበልጠው እልል አሉ። አንድ ከሐዋሳ የመጣ ዘመድ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየቀረፀ ጎኑ ያለውን ሰው የዘፈኑን ርእስ ይጠይቅ ነበር። ሰውየውም «የድሮ ነው» አለው።

ሙሽሮቹ ደርሰው የወላጆቻቸውን ጉልበት ሊስሙ ሲያጎነብሱ፣ ፊዮሪ ከአባቷ ጉልበት ቀና ብላ ጆሮው ሥር «ሦስተኛዋ ድምፅ ትንሽ ዝቅ አለችብህ» አለችው።

«ሰምቻታለሁ» አላት፣ ዓይኑን እየጠረገ።